ቦይ ከመቆፈሩ በፊት መውጫው ይታሰብ



እንደሚታወቀው ሁሉ ግንቦት ገብቷል፤ ሰማዩም መጥቆር ጀምሯል። በከተማችን በዳንግላ በዚህ ወራት የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። አንዱ ጋ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ አንዱ ጋ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል፣ ሌላው ጋ ግሬደር መንገድ ይጠርጋል። ይህን ሁሉ የምናየው በደስታ ነው። ለመንገዱ ከኪሳችን ያዋጣን፣ በጉልበታችንም የተሰለፍን ሰዎች ነንና ልማቱን አንቃወምም፤ እንዲያውም ብዙ ዘመን እንዲያገለግለን እንመኛለን። በዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን የምናነሣው ግን ከመንገዱና ከቦዩ ጎን ተቆልሎ የሚቀረውን፣ ብዙ ሰው ከቁጥር የማያስገባውን ነገር ነው። ይኸውም አፈሩ ነው።

«አፈር ደግሞ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አፈር በቦታው ሲሆን ምንም አይሆንም። ሣር ለብሶ፣ ሥር ይዞት የተኛ መሬት ዝናቡን ይጠጣል፤ የተረፈውንም ቀስ አድርጎ ይለቃል። መሬቱ ከተገለበጠ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዝናቡ ጠብታ ራቁቱን ያገኘውን አፈር እየመታ ያላላዋል፤ ወራጁ ውኃ ደግሞ ይዞት ይነጉዳል። በሰኔ የሰፈራችን ውኃ እንደ በርበሬ ወጥ ቀልቶ የሚወርደው ለዚህ ነው። የቀላው ውኃ ተፈትቶ የተተወ መሬት መኖሩን የሚነግረን ምልክት ነው።

የዝናቡንም ልክ እናስበው። በዳንግላ አካባቢ በዓመት ወደ 1600 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል። ከመቶው 90 ያህሉ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ቁጥር በቤት ቋንቋ ሲነገር በእያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት 1600 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ስምንት ጊዜ ይደፋል ማለት ነው። 100 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ክዳን ብቻውን 800 በርሜል ያወርዳል። ቆርቆሮ ደግሞ ጠብታ አይጠጣም። የጎረቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የሱቁን ክዳን ሁሉ ደምሩበት፤ የተነጠፈውን መንገድ ጨምሩበት። ይህን ሁሉ ውኃ ሰብስበን በአንድ ቦይ ከሰደድነው በኋላ ቦዩ በሚያልቅበት ቦታ ምን እንደሚሆን መጠየቅ የኛ ግዴታ ነው።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ያየነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሥራው ባለቤት ማን እንደሆነ እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም፤ ነገሩ በየከተማው የሚታይ ነውና። ቦዩ የተቆፈረው ሰኔ ውስጥ ነበር። የወጣው አፈር እዚያው ከንፈሩ ላይ ተቆለለ። ግንበኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ዝናቡ መጣ። በሁለት ቀን ሌሊት ክምሩ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ውኃውም መሄጃ ሲያጣ ከታች ወዳሉት ግቢዎች ዞረ። ቡና እየጠጡ የነበሩ ጎረቤቶቻችን ስኒውን ጥለው አካፋ አነሡ። የአንዲት እናታችን የእጅ ጉድጓድ ደለል ገባበት። እኒያ እናት ውኃ ከጎረቤት እየለመኑ ነው መስከረምን የጠቡት። ቦዩ ካለቀበት በታች ደግሞ ትናንት ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ሜዳ ተሰነጠቀ፤ መጀመሪያ የጫማ ስፋት፣ ቀጥሎ የሰው ወገብ፣ በነሐሴ ደግሞ በሬ ቢገባበት የማይታይበት ሆነ። አጥር ወሰደ፤ አንድ ሽንት ቤት አፈረሰ። ዛሬ ከአንድ ቤት ግድግዳ ስድስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ዘንድሮ ምንም ካልተደረገ ያንን ስድስት እርምጃ አይምረውም።

ቦረቦር የሚያድግበት መንገድ ለብዙ ሰው ግልጽ ስላልሆነ ትንሽ እናብራራ። ሰው ቦረቦርን ወደ ታች የሚሄድ ነገር ያደርገዋል። ውኃው ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ገደሉስ ወደ ላይ ነው የሚበላው። ውኃው ከአፋፉ ሲወድቅ ከሥሩ ይቦረቡራል፤ ሥሩ ሲጎድል ከላይ ያለው ይናዳል፤ የተናደውን ጎርፉ ይጠርጋል፤ በማግስቱ አፋፉ አንድ እርምጃ ወደ ቤታችን ቀርቦ ይገኛል። አባቶቻችን «ዳር ሲነካ መሀል ዳር ይሆናል» ያሉት ለአገር ድንበር ቢሆንም ለቦረቦርም ልኩ ነው። ስለሆነም ቦዩን ሠርቶ መውጫውን መተው ውኃውን ከኔ ቤት አንሥቶ በጎረቤቴ ላይ መድፋት ነው። ይህ ደግሞ ልማት አይባልም።

ነገሩ የኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። ከመቀሌ ወደ አድዋ የሚወስደው መንገድ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተሠራ በኋላ ተመራማሪዎች ከመንገዱ በታች ያለውን መሬት አጥንተው ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ያገኙትም ቱቦዎቹ ውኃውን በሚተፉበት ቦታ ቀድሞ ያልነበረ ቦረቦር መፈጠሩን ነው። መንገዱ የተበተነውን ውኃ ሰብስቦ በአንድ ነጥብ ለቀቀው፤ መሬቱም አልቻለውም። ከኛ አልፎ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት በ26 ከተሞች ውስጥ ከ2,900 በላይ የከተማ ቦረቦሮች ቆጥሯል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ለቆ ለመሄድ ተገዷል። ምክንያቱም እዚያም እንደኛው ነው፤ ቤትና መንገድ በተዳፋት ላይ በዛ፣ የውኃው መሄጃ ግን አብሮ አልታሰበም። እኛ ገና ስድስት እርምጃ ላይ ነን። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት ሳይሆን ጊዜው ገና በእጃችን እንዳለ ለማሳሰብ ነው።

አፈሩስ የት ይሄዳል? ከዳንግላ ዙሪያ የሚወርደው የቅልቲ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይም ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው። ከግቢያችን የታጠበው ቀይ አፈር የሚተኛው እዚያ ሐይቁ ውስጥ ነው። ሌሎቹ የአዊ ዞን ውኃዎች፣ እንደ በለስ ያሉት፣ በሌላ በኩል ዞረው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በዚያም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና ሁላችንም ከደመወዛችንም ከእህላችንም ያዋጣንለት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አለ። ለግድብ ብር አዋጥቶ በዚያው እጅ ደለል መላክ እንዴት ይሆናል? ደለል ለከተማ ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ የጎንደርን የአንገረብ ግድብ ይጠይቅ። ለመጠጥ ውኃ የተሠራው ግድብ ደለል እየሞላው የመያዝ አቅሙን አጥቷል። የላይኛው አፈር ሲሄድ የታችኛው ሕዝብ ባልዲ ይዞ ይሰለፋል ማለት ነው።

ታዲያ ሥራው ለምን ሁልጊዜ በሰኔ ይደርሳል? ብዙ ሰው «ቸልተኝነት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው ሁለት የዘመን አቆጣጠር እየተጋጨ ነው ያገኘነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ገንዘቡ ተፈቅዶ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ በጋው ያልቃል። ሰኔ 30 ሳይደርስ ገንዘቡን ሥራ ላይ ማዋል ስለሚያስፈልግ ቁፋሮው ይጣደፋል። ዝናቡ ግን የሒሳብ መዝጊያ አያውቅም፤ የራሱ ቀን አለው። በወረቀት ላይ ሥራው «ተጀምሯል» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፤ በመሬት ላይ ደግሞ አፈሩ ይጀምራል። እዚህ ላይ የገጠሩን ወገናችንን እናስብ። ገበሬው በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ እየተጠራ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይከትራል። ገጠሩ በጥር አፈር ሲያስር ከተማው በሰኔ አፈር ይፈታል። ይህ ሊታረም የሚገባው ነገር ነው እንላለን።

አፈርን መያዝ እንደሚቻል ደግሞ አገራችን ከታወቀ ቆይቷል። እዚሁ ጎጃም ውስጥ አንጀኒ በተባለው ቦታ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡና የሚታጠበው አፈር እየተለካ ሲጠና ቆይቷል። እርከኑ ከተሠራ በኋላ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ደረጃ እየሆነ ሄዷል። ይህን የሠራው ዶማና አካፋ የያዘ የአገር ገበሬ ነው። ለከተማ ቦይ የሚያስፈልገውም ከዚያ የራቀ ጥበብ አይደለም፤ ድንጋይ፣ ሣርና ቅደም ተከተል ነው።

ይህንንም መጠየቅ ልመና አለመሆኑን ነዋሪው ይወቅልን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 እና በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠትና የመመካከር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲመረመር፣ ማቃለያውም አብሮ እንዲታቀድ አዟል። በ2010 ዓ.ም. በተጀመረውና 117 ከተሞችን ባቀፈው የከተሞች የመሠረተ ልማት ፕሮግራምም እያንዳንዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢና በሕዝብ ላይ የሚያመጣው ጉዳት እንዲጣራ ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጎደለው ከወረቀቱ ወደ አካፋው መውረዱ ነው።

በመሆኑም ማኅበራችን በሰፈራችን ለሚሠራ ማንኛውም የመንገድ፣ የቦይና የግንባታ ሥራ የሚከተሉት ነጥቦች በውሉና በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገቡ ይጠይቃል። በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የምንለው ሆን ብለን ነው፤ ዋጋ ያልተጻፈለትን ሥራ ተቋራጭ አይሠራውምና።

1ኛ/ ሥራው ከታች ይጀመር። መጀመሪያ መውጫው ይሠራ፤ ውኃው የሚወድቅበት ቦታ በድንጋይ ይነጠፍ፤ ቦዩ ቀጥሎ ወደ ላይ ይቆፈር። መውጫ የሌለው ቦይ አይከፈት።

2ኛ/ በአንድ ጊዜ የሚከፈተው መሬት በጥቂት ቀን ተገንብቶ ሊዘጋ የሚችለውን ያህል ብቻ ይሁን። ግንቦት ካለቀ በኋላ አዲስ ቁፋሮ አይጀመር። ሥራው ከዘገየ በክረምቱ ድንጋይ ይጠረብ፣ ጠጠርና አሸዋ ይዘጋጅ፤ ቁፋሮው መሬቱ ሲጠና ይቀጥል።

3ኛ/ የወጣው አፈር ከቦዩ ከንፈር ይራቅ። የማይፈለገው ቶሎ ተጭኖ ይወሰድ። ለመልሶ መሙያ የሚቆየው ደግሞ ዙሪያውን አፈር በተሞላ ማዳበሪያ ወይም በድንጋይ ይታጠር፤ ላዩም ይሸፈን።

4ኛ/ ቁልቁለት በሆነው ቦታ ቦዩ ውስጥ በየርቀቱ ዝቅ ያለ የድንጋይ ክትር ይሠራ፤ ከመውጫው በላይም ደለል የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይኑር። ጉድጓዱ ሲሞላ ማን እንደሚጠርገው ከወዲሁ ይታወቅ።

5ኛ/ የተቆረጠው ዳገት ራቁቱን አይተው። ቬቲቨር፣ ደሾ፣ ሌላም አገሩ ያበቀለው ሥር የሚሰድ ሣር ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ይተከልበት።

6ኛ/ የመጨረሻው ርክክብና የመያዣው ገንዘብ ክፍያ ሥራው አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ይሁን። ተረካቢዎቹም መንገዱን ብቻ ሳይሆን ውኃው የሚወርድበትን የታችኛውን ሰፈር ጭምር በእግራቸው ዞረው ይዩ። ከነዋሪውም ሁለት ሰው አብሮ ይሁን።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከየት ይመጣል?» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው፤ የከተማችን ገንዘብ ጥቂት ነው፣ ጥያቄው ብዙ ነው፤ መብራትም፣ ውኃም፣ ትምህርት ቤትም ይጠብቃል። እኛም ይህን ሳንረዳ ቀርተን አይደለም። ነገር ግን በደለል የተሞላን ቦይ እንደገና መቆፈር ነፃ ነው ወይ? የፈረሰን ግንብ መልሶ መገንባትስ? ቦረቦሩ ቤት ሥር ከገባ በኋላ በጋቢዮን እንሙላው ቢባል ሽቦው፣ ድንጋዩ፣ ሲኖትራኩ ስንት ይፈጃል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ከነጥቦቹ ሁለቱ፣ ማለትም ከታች መጀመርና አፈሩን ማራቅ፣ ከገንዘብ ይልቅ ማሰብን ነው የሚጠይቁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ገና በበጋው ማሰቡ ይረክሳል።

ከነዋሪውም ወገን የሚጠበቅ አለ። ቤት የሚያሠራ ሰው አሸዋውንና የመሠረቱን አፈር መንገድ ላይ ዘርግፎ ክረምቱን አያሳልፍ። ቆሻሻ ቦይ ውስጥ መጣል ይቅር፤ አንድ ፌስታል ቱቦ አፍ ላይ ከተለጠፈ የሰፈሩን ጎርፍ ሁሉ ያዞራል። የክዳኑን ውኃ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ግቢ መልቀቅም ነውር ነው። የቻለ በርሜል ያስቀምጥ፤ ያልቻለ ከደጁ ትንሽ ድንጋይ ያንጥፍ። በቦዩ ዳር የበቀለውን ሣር ለከብት ማጨድ ይቻላል፤ ከነሥሩ መንቀል ግን አይቻልም። ለሣሩም ለቦዩም ጠባቂው ከአጠገቡ ያለው ቤት ነው።

በመጨረሻም አንድ ሥራ እናቀርባለን። እዚሁ ወረዳችን ውስጥ የዳንግሽታ ገበሬዎች በ2006 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገሩ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተባብረው የዝናብ መለኪያና የወንዝ መለኪያ በየዕለቱ ማንበብ ጀምረው ነበር። የጻፉት ቁጥር በኋላ ሲፈተሽ በባለሙያ ከሚለካው ጋር የሚወዳደር፣ እምነት የሚጣልበት ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬው የቅልቲንና የብራንቲን ውኃ ለክቶ ለዓለም ማስረጃ ከሰጠ፣ እኛ የሰፈራችንን ቦይ መለካት እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ ማኅበሩ በሦስት ቦታ፣ ማለትም በቦዩ ራስ፣ በመሀሉና በመውጫው፣ በጣት ስፋት የተከፋፈለ እንጨት ያቆማል። በቦረቦሩ አፋፍ ላይ ደግሞ በየእርምጃው ችካል ይተከላል። በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተረኛ የሆኑ ሁለት ቤተሰቦች ደለሉ ስንት ጣት እንደደረሰ፣ ስንት ችካል እንደወደቀ አይተው በመዝገብ ይጽፋሉ። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ልጆቻችን ያግዙ፤ ለነሱም ትምህርት ነው። መዝገቡ በየወሩ መጨረሻ ለቀበሌው ይቀርባል፤ ግልባጩም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። «ጎርፍ አስቸገረን» ብለን ብንጮህ ጩኸታችን ከክረምቱ ጋር ያልፋል። «በሐምሌ ወር ሦስት ችካል ወደቀ» ብለን በቁጥር ስንናገር ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

የተራ መጻፊያው ዝርዝር ከዚህ ወረቀት አጠገብ ተሰቅሏል፤ ስማችሁን አስገቡ። ከቦረቦሩ አፋፍ አጠገብ ላለው ቤተሰብ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ድንጋይ ለመሸከምና ጊዜያዊ ክትር ለመክተር የምንሰበሰብ ስለሆነ አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ፣ ባዶ ማዳበሪያ ያለውም እሱኑ ይዞ እንዲመጣ አደራ እንላለን። ይህ ክትር ዘንድሮን ያሻግር ይሆናል እንጂ ዋናው መፍትሔ አይደለም። ዋናው መፍትሔ መውጫው በድንጋይ መሠራቱ ነው፤ ያንንም ማመልከቻ ከነፊርማው በዚሁ ሳምንት ለሚመለከተው ክፍል እናቀርባለን። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ያልፈሰሰ አፈር ግን ዛሬም በእጃችን ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ዳንግላ